ቀኗ ያለፈው መቼ ነው?

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን የተገላገለችው በ2014 ዓ.ም. ጥር 22 ለ23 አጥቢያ ነው። ካርዷ ላይ የሰፈረው ምክንያት በጥድፊያ የተጫረ አንድ መስመር ነው፤ ቀኗ አልፏል፣ ምጥ በመድኃኒት ለማስጀመር ተሞክሮ አልሆነም። እናታችን ያን ሌሊት ነጠላቸውን አደግድገው በሩ ላይ ቆመው ማርያም ማርያም ሲሉ አደሩ። ልጁ ደህና ወጣ፣ እሷም ደህና ተነሣች። ለዚህ ምስጋናዬ አያልቅም።

ነገሩ የተነሣው በኋላ ነው፤ አራስ ጥየቃ የመጡ ጎረቤቶች ገንፎ ከበው ሲጨዋወቱ። አንዲት ሰባት የወለዱ እናት ሕፃኑን አገላብጠው አዩና “ለመሆኑ ቀኗ ያለፈው መቼ ነው?” አሉ። በመጀመሪያው የክትትል ዕለት የመጨረሻው የወር አበባዋ የመጀመሪያ ቀን ሲጠየቅ እህቴ “ሚያዝያ ውስጥ ይመስለኛል” ብላ ነበር። መዝጋቢዋም ሚያዝያ 10 ብላ ጻፈች። አሁን ሁሉም ወደ ኋላ መቁጠር ሲጀምር ግን ትዝ አላት። የግንቦት ልደታ ዕለት ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲበላ እሷ ሆዷን ይዛ ቤት ተኝታ ነበር። የወር አበባዋ የመጣው ያን ዕለት ነው። ከሚያዝያ 10 እስከ ግንቦት 1 ድረስ 21 ቀን አለ። 41 ሳምንት ሞልቷታል ተብላ ግሉኮስ የተሰቀለላት ሴት ገና 38ኛው ላይ ነበረች ማለት ነው።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። በስምጥ ሸለቆ ካሉት ከተሞች በአንዱ ነው፣ ይበቃል። ያን ቀን የሆነው ነገር በየትኛውም ሆስፒታላችን ሊሆን የሚችል ነው፤ ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝም እሱ ነው።

ዛሬ እህቴ የምትኖረው ባቱ ነው። ሁለተኛውን አርግዛ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ባቱ ብዙዎቻችን ዝዋይ እያልን ያደግንባት፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በሐዋሳ መንገድ ላይ ያለች የደምበል ሐይቅ ዳር ከተማ ናት። የነፍሰ ጡሮች ወረፋ ላይ ለአንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ከተማዋን በሙሉ ያያል። ከቱሉ ጉዶና ከሌሎቹ ደሴቶች በጀልባ ተሻግራ የመጣች የዛይ ሴት አለች። ከቡልቡላና ከአዳሚ ቱሉ ገጠር በባጃጅ የመጣች አለች። ከአበባ እርሻው ፈረቃዋን አስፈቅዳ የወጣች፣ እናቷም አክስቷም ሩቅ አገር የሆኑባት ልጅ እግር አለች። ከተማው ውስጥ የመንግሥቱ ባቱ ሆስፒታልና የሼር ሆስፒታል አሉ። ከነሱ አቅም በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ ወደ ሰሜን አዳማ፣ ወደ ደቡብ ሐዋሳ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በዚያ ወረፋ ላይ አንድ ወሬ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሰማል። ባለሙያዎቹ ኢንዳክሽን የሚሉትን ሴቶቹ የምጥ መርፌ ይሉታል፤ እሱን እሺ ያለች ሴት መጨረሻዋ ቢላዋ ነው ይባላል። እህቴም እኔም አምነነው ነበር። የሷ ሰውነት ላይ ደርሶ እያየነው እንዴት አናምን?

ሐኪሞቹም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ይሉ ነበር። በየአገሩ በተሠሩ ብዙ ጥናቶች ምጥ በመድኃኒት የተጀመረላቸው ሴቶች ምጣቸው በራሱ ከመጣላቸው ይልቅ ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆነው ይገኙ ነበር። ስህተቱ ማነጻጸሪያው ላይ ነበር። ዛሬ ምጥ የሌላት ሴት ዛሬ በራሷ ልታምጥ አትችልም። ያላት ሌላው አማራጭ መጠበቅ ነው። በመጠባበቁ ውስጥ ደግሞ ደም ግፊት ሊነሣ፣ ልጁ ሊገዝፍ፣ የእንግዴ ልጁ ሊደክም፣ ፅንሱ ሆዷ ውስጥ ሊጸዳዳ ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ በራሳቸው ወደ ኦፕራሲዮን የሚወስዱ ናቸው። ትክክለኛው ንጽጽር እንግዲህ መድኃኒት በወሰደችውና በጠበቀችው መካከል ነው።

ይህን ንጽጽር በአግባቡ ካደረጉት ጥናቶች ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካ ወጣ። በ41 ሆስፒታሎች የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ 6,106 ጤነኛ ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በ39ኛው ሳምንት ምጥ ተጀመረላቸው፣ ግማሾቹ ጠበቁ። በኦፕራሲዮን የወለዱት ከመጀመሪያዎቹ 18.6 ከመቶ፣ ከጠበቁት 22.2 ከመቶ ሆኑ። በዓመቱ የስዊድን ሐኪሞች 2,760 ሴቶች የተሳተፉበትን ሌላ ጥናት አሳተሙ፤ 41 ሳምንት ሲሞላ ማስጀመር ይሻላል ወይስ እስከ 42 መጠበቅ የሚል ነበር። ጥናቱ ሳያልቅ ተቋረጠ፤ ከጠበቁት ወገን ስድስት ሕፃናት ሲሞቱ ከሌላው ወገን አንድም አልሞተም ነበርና። የኦፕራሲዮኑ ቁጥር በሁለቱም በኩል ከመቶ 10 አልፎ 11 አይሞላም፣ ልዩነት አልነበረውም። የዓለም ጤና ድርጅት 41 ሳምንት መሙላቷ በእርግጠኝነት የታወቀ ሴት ምጥ እንዲጀመርላት ይመክራል።

“በእርግጠኝነት የታወቀ” የምትለዋ ሐረግ ላይ ነው እኔ የቆምኩት።

የመውለጃ ቀን አቆጣጠር በኛ አገር እንዴት እንደሆነ ያሳየችኝ ባቱ ውስጥ አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት። ሲስተር በካርዱ ጀርባ ላይ በእስክሪፕቶ ጻፈችልኝ። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ 280 ቀን ነው። ፈረንጆቹ ወራቸው እኩል ስላልሆነ 9 ወር ከ7 ቀን ይደምራሉ። የኛ ወር ሁሌ 30 ነውና 9 ወር ከ10 ቀን እንደምራለን። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች ግን አሥሩ አምስት ይሆናል፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ አራት። ታኅሣሥ 15 የወር አበባዋን ያየች ሴት ቀኗ መስከረም 20 ነው። ጳጉሜንን የዘነጋ ሰው መስከረም 25 ይላታል። ያ ሰው 41 ሳምንት ብሎ ሲያስገባት እሷ 42 ሊሞላት ሁለት ቀን ቀርቷታል። የስዊድን ሕፃናት የሞቱበት ሳምንት ይህ ነው። ስህተቱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይሄዳል፤ እህቴን ሳይደርስ አስቸኮላት፣ ሌላዋን ደርሶ ያዘገያታል።

ይህ ሁሉ ግን ቀኑን የምታስታውስ ሴት ስትገኝ ነው። ባቱ ላይ ሴቶች ቀናቸውን የሚነግሩት በበዓል ነው። “ኢሬቻ ማግሥት”፣ “ከአረፋ በፊት”፣ “ፋሲካ ሰሞን”። ፋሲካ በ2012 ሚያዝያ 11፣ በ2013 ደግሞ ሚያዝያ 24 ዋለ። አረፋ በያመቱ ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል። የካርድ መዝጋቢዋ የዓመቱን በዓላት ቀን ግድግዳው ላይ ካልለጠፈች የምትጽፈው ግምት ነው፤ አንዴ የተጻፈ ግምት ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደ እውነት ይነበባል። ጥሩ አዋላጅ ያቺን ሴት በበዓሉ ይዛ ቤቷ ድረስ ትመልሳታለች። የዚያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ነበር? ጾም ይዘሽ ነበር? ልብስ ያጠብሽው የትኛው ቅዳሜ ነው? አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ከአሥር ደቂቃው የሚበልጥ መድኃኒት እኔ አላውቅም።

አልትራሳውንድ ይህን ያቃናል የሚባለው እውነት ነው፣ በጊዜ ከታየ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የታየ ፅንስ ዕድሜው ቢሳሳት በሳምንት ውስጥ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የታየ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ሊስት ይችላል፣ ማሽኑ የሚያነበው የልጁን ቁመና እንጂ የልደት ወረቀቱን አይደለምና። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ይታይ የሚለው ለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመረችው ከአምስት እናቶች አንዷ ብቻ ነበረች። ሴቷ ዘግይታ መምጣቷ ስንፍና አይምሰለን። ከደሴት ለምትሻገረው ጀልባ፣ ከእርሻ ለምትመጣው የፈረቃ ደመወዝ አለ፤ ሆድ ሳይገፋ እርግዝናን ማውራትም በብዙ ቤት ነውር ነው።

ቀኑ ከተጣራ በኋላ የሚቀጥለው የማህፀን በር ነው። ኤድዋርድ ቢሾፕ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1964 አምስት ነገር በጣት እየተዳሰሰ ነጥብ የሚሰጥበትን መንገድ አወጣ፤ በሩ ምን ያህል ተከፍቷል፣ ምን ያህል ሳስቷል፣ ጠንካራ ነው ለስላሳ፣ ወደ ኋላ ነው ወደ ፊት፣ የልጁ ራስ የት ደርሷል። ሲስተር ለተማሪዎቿ የምታስረዳበት መንገድ አይረሳኝም። የአፍንጫሽን ጫፍ ንኪ፣ ጥሬ በር እንዲህ ነው፤ አሁን ከንፈርሽን ንኪ፣ የበሰለ እንዲህ ነው። ድምሩ ከ13 ነው። ስምንት የሆነች ሴት ምጧ በመድኃኒት ቢጀመርም በራሷ እንደመጣላት ያህል የመውለድ ዕድል አላት። ከስድስት የማይበልጥ ነጥብ ያላት ግን በሯ መጀመሪያ ሊበስል ይገባል። በጥሬ በር ላይ ምጥ የሚያስመጣውን ጠብታ ኦክሲቶሲንን ብቻ መስቀል የተቆለፈ በር በትከሻ እንደ መግፋት ነው፤ ጉልበት ይጨርሳል፣ በሩም አይከፈትም።

ማብሰያው መንገድ ውድ አይደለም። ሚሶፕሮስቶል በመጀመሪያ ለጨጓራ ቁስለት የተሠራ ክኒን ነው። ለደም መፍሰስ እያንዳንዱ የወሊድ ክፍል ያውቀዋል። ክኒኑ ባለ 200 ማይክሮግራም ሲሆን ምጥ ለማስጀመር የሚፈለገው 25 ነው፤ የአንድ ክኒን ስምንተኛ። በምላጭ ስምንት ቦታ የተቆረጠ ክኒን አንዱ ቁራጭ ከሌላው እኩል አይሆንም። ስለዚህ ክኒኑን በ200 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ አሟሙቶ በየሁለት ሰዓቱ 25 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ለክቶ ማጠጣት ይመረጣል። ሌላው መንገድ ለሽንት የተሠራችው የጎማ ቱቦ ናት፤ ጫፏ ላይ ያለችው ፊኛ በማህፀን በር ውስጥ ገብታ በውኃ ተነፍታ በሩን ቀስ እያለች ትከፍታለች። እናቶቻችን በመጨረሻው ወር ተልባ የሚያጠጡት በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ነገሩ እንዲለሰልስ። ሐሳባቸው ልክ ነበር።

ከዚያ ጠብታው ይመጣል። ኦክሲቶሲንን በላቦራቶሪ ሠርቶ ያሳየው ቪንሰንት ዱ ቪኞ እ.ኤ.አ. በ1955 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል፤ ዛሬም በየወሊድ ክፍሉ ግሉኮስ ውስጥ ይጨመራል። የሚለካ ማሽን በሌለበት የሚቆጠረው በዓይን ነው። አዋላጇ ግራ እጇን ሆድ ላይ አሳርፋ፣ ቀኝ እጇ ላይ ሰዓቷን እያየች ለአሥር ደቂቃ ዝም ትላለች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ማህፀኑ ሊጠነክር፣ እያንዳንዱም ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ሊቆይ ይገባል። ካነሰ በየግማሽ ሰዓቱ ጠብታው ይጨመራል፤ ከአምስት ከበለጠ ይቆማል፣ እናቲቱም በግራ ጎኗ ትተኛለች፣ ልጁ በሁለት ምጥ መካከል መተንፈሻ አጥቷልና። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ብቻዋን አትተው ይላል። አሁን አንዲት አዋላጅ በአንድ ሌሊት አራት ምጥ ላይ ያሉ ሴቶች ስትይዝ አስቡ። ጠብታው ፈጥኖ ልጁ ከታፈነ ኦፕራሲዮን ነው። ፈርታ ካዘገየችው ምጡ አይገፋም፣ እሱም ኦፕራሲዮን ነው። ሁለቱም በካርዱ ላይ የሚጻፉት በመድኃኒቱ ስም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኦክሲቶሲንን በቤት ወይም በክሊኒክ ውስጥ ምጥ ለማፋጠን በጡንቻ የሚወጋ ሰው ካለ የማህፀን መተርተር እየደገሰ ነው። በጡንቻ የገባ መድኃኒት እንደ ጠብታ አይዘጋም። ምጥ ማስጀመር ያለበት ኦፕራሲዮን ሊደረግ በሚችልበት ቤት ነው።

የመጨረሻው ነገር ትዕግሥት ነው፤ ይህም ልክ አለው። በአሜሪካው ጥናት በሩ በስሎ፣ የሽርት ውኃው ፈስሶ፣ ኦክሲቶሲን ተሰቅሎ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይሞላ ምጡ አልሆነም ተብሎ እንዳይወሰን ነበር የተመከረው። እህቴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተሰቀለላት፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እምቢ አለ ተባለች። በሩ እንዲበስል የተሰጣት ነገር የለም። የሽርት ውኃዋ አልፈሰሰም። የልጁ የልብ ምት ደህና እንደነበር ያው ካርድ ላይ አለ። እናትና ልጅ ደህና ከሆኑ ያልተሳካ ሙከራ ብቻውን ኦፕራሲዮን ለማድረግ ምክንያት እንደማይሆን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በግልጽ ይላል። አውርዶ፣ አሳርፎ፣ አብልቶ በማግሥቱ እንደገና መሞከር ይቻላል። እህቴ ግን ያን ቀን እንዲህ ያለ ምርጫ መኖሩን የነገራት አልነበረም።

ኦፕራሲዮንን ማንቋሸሽ አልፈልግም፤ የቢላዋው እጦት ምን እንደሚያደርግ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን የመሠረቱት ምጥ ታፍኖባቸው ቀናት የቆዩ፣ ልጃቸው ሞቶ ሽንታቸው ለሚያመልጣቸው ሴቶች ነበር። ብዙዎቹን አንድ በሰዓቱ የተደረገ ኦፕራሲዮን ያድናቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከሚወልዱት እናቶች በኦፕራሲዮን የወለዱት 0.6 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ መንግሥት ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ድንገተኛ ቀዶ ጥገና ማሠልጠን ጀመረ፤ በየወረዳው ብዙ ነፍስ ያተረፉት እነሱ ናቸው።

ሌላው ጫፍ ደግሞ አለ። በዚያው ጥናት ለትርፍ በሚሠሩ የግል ተቋማት ከወለዱት 46 ከመቶው በኦፕራሲዮን ነበር፣ በመንግሥቶቹ 15። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን አገሪቱ በጠቅላላ 2 ከመቶ ሆና አዲስ አበባ ብቻዋን 21 ደረሰች። ባቱ በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለች ከተማ ናት። ከደሴቱ ሳትሻገር የቀረችው ሴት ከመጀመሪያው ጫፍ ናት፤ እህቴ ወደ ሁለተኛው የምታዘነብል ነበረች። አንድ ሐይቅ ዳር ሁለቱም ይኖራሉ።

የመጀመሪያው ጠባሳ በኛ አገር ከሌላው በላይ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በዚያው የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኦሮሚያ ውስጥ አንዲት ሴት በአማካይ 5.4 ልጆች ትወልድ ነበር። በአውሮፓ አንድ ጠባሳ አንድ ቀጣይ ልጅ ላይ ያርፋል፤ እዚህ ግን አራት። ጠባሳ ያለበት ማህፀን በሚቀጥለው ምጥ ሊተረተር ይችላል፣ የእንግዴ ልጁም ጠባሳው ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ሚሶፕሮስቶል ጠባሳ ላላት ሴት አይሰጥም። እህቴ በዚህኛው እርግዝናዋ ቀኗ ቢያልፍ ያንን የአንድ ክኒን ስምንተኛ ማንም አያጠጣትም። ባለፈው ሊሰጣት ሲገባ ያልተሰጣት፣ አሁን ቢያስፈልጋት የማይፈቀድላት ያው መድኃኒት ነው።

የአበባ እርሻ ሠራተኞቹ ደግሞ ከቀኑ ጋር ሌላ ሒሳብ አላቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ያርፋሉ። ሦስት ሳምንት የተሳሳተ ካርድ የያዘች ልጅ ከቅድመ ወሊድ ዕረፍቷ የሚበዛውን ያለ ቀኗ ትጨርሳለች። አንዳንዷ ምጥ ይጀመርልኝ ብላ ራሷ የምትለምነው ለዚህም ነው፤ አልፈርድባትም።

ባለፈው ወር እህቴን ይዤ ወደ ሲስተር ሄድኩ። ዘንድሮ ክትትል የጀመረችው በአሥረኛው ሳምንት ነው። ቀኗን በግድግዳው የቤተ ክርስቲያን መቁጠሪያ ላይ በቀይ አክብባዋለች፤ ጳጉሜንን ሦስት ጊዜ አስቆጥራኛለች። ሲስተር ስታዳምጣት ቆየችና በራሷ ምጥ ከመጣላት ያለ ኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድል እንዳላት፣ መውለድ ያለባት ግን ኦፕራሲዮን ባለበት ቤት እንደሆነ ነገረቻት። ይህን ለመወሰን ያለፈው ኦፕራሲዮን ለምን እንደተደረገ ማወቅ ይጠቅማል፤ ዳሌዋ ጠቦ ነው ወይስ በሯ ሳይበስል ነው?

የ2014ቱን ካርድ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሲስተር ገልብጣ ፈለገችው። ምጥ ማስጀመሪያው ከሚለው ርዕስ ሥር፣ ከሰዓቱና ከጠብታው ቁጥር ጎን፣ የማህፀን በር ነጥብ የሚጻፍበት ሳጥን አለ። ጣቷን እሱ ላይ አሳረፈች። እህቴ ጎንበስ ብላ አየችው። ሳጥኑ ባዶ ነው።